ጭቃው ሳይድን ዛፉ አይድንም፦ ስለ ባሕር ዳርቻ ማገገም ተረትና እውነታ

በዲሴምበር 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከስሪላንካ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ወሰደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሐዘኑ በኋላ ገንዘብ መጣ፣ በጎ ፈቃደኞች መጡ፣ በየዳርቻው የማንግሮቭ ችግኝ ተተከለ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ደኑ ቢመለስ ለሚቀጥለው ማዕበል ጋሻ ይሆናል ተብሎ ነው። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች 23 የተከላ ቦታዎችን እየዞሩ ሲያዩ በ9ኙ አንድም የቆመ ችግኝ አላገኙም። ከ1,000 እስከ 1,200 ሄክታር ከሚሆነው የተከላ መሬት ውስጥ ለፍሬ የበቃው ከ200 እስከ 220 ሄክታር ብቻ ነበር። ውጤቱ የታተመው በ2017 ነው።

ያ ሁሉ ልፋት የት ገባ? ብዙውን ጊዜ መልሱ ያለው ሰዎች ዳርቻው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ባመኑት ነገር ውስጥ ነው። ስለ ባሕር ዳርቻ በየስብሰባውና በየዜናው የሚደጋገሙ፣ ሲሰሟቸው ትክክል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ችግኙንም ሰውንም ለጉዳት የሚዳርጉ እምነቶች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ ማንሳት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዛፉ ጥቂት ልበል፤ ለደጋ ሰው እንግዳ ነውና። ማንግሮቭ አንድ የዛፍ ዝርያ አይደለም። በሞቃታማ አገሮች፣ ባሕር ሲሞላ በሚሸፈንና ሲጎድል በሚገለጥ ጭቃ ላይ መኖር የቻሉ የብዙ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የጋራ ስም ነው። ሌላውን ተክል የሚያደርቀውን ጨው አንዳንዶቹ በሥሮቻቸው አጣርተው ያስቀሩታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በቅጠላቸው በኩል ያስወጡታል፣ ቅጠሉን ቢልሱት ጨው ጨው ይላል። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሮቻቸው ወደ ላይ ወጥተው ይተነፍሳሉ። አቡ ዳቢ ያላችሁ አንባቢዎች በጁበይል ደሴት የእንጨት መተላለፊያ ላይ ስትሄዱ ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡትን ሥሮች አይታችሁ ይሆናል፤ ያ አቪሴኒያ ማሪና የሚባለው ዓይነት ነው። ይኸው ዛፍ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በምፅዋ አካባቢ፣ በጅቡቲም ኦቦክ በኩል በጎዶሪያ ይገኛል። ወደቡ የሌለን ብንሆንም ዛፉ ሩቅ አይደለም።

«ብዙ ችግኝ ከተተከለ ዳርቻው ተመለሰ ማለት ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ይህ እምነት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ብል ደስ ይለኛል።

ፊሊፒንስ በ1918 ወደ 450 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ማንግሮቭ ነበራት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀራት 120 ሺህ ገደማ ነበር። ከጠፋው ብዙው የተመነጠረው ለዓሣና ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ነው። አገሪቱ ዝም ብላ አልተመለከተችም፤ ለአሥርት ዓመታት በመንግሥት በጀትም፣ በብድርና በእርዳታም ስትተክል ኖራለች። ይህን የተከላ ታሪክ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር በ2008 የገመገሙት ፊሊፒናዊቷ የባሕር ሳይንቲስት ጁርጌን ፕሪማቬራ ያገኙት ልብ ይሰብራል፤ በአብዛኛው ቦታ ከቆይታ በኋላ በሕይወት የተገኘው ከተተከለው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሲፈተሽ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው የዛፉ ምርጫ ነው። ሪዞፎራ የሚባለው የማንግሮቭ ዓይነት ፍሬው ገና እናት ዛፉ ላይ እያለ ይበቅልና ረጅም በትር መስሎ ይወርዳል። ያንን ለቅሞ ጭቃ ውስጥ መሰካት ልጅም ይችለዋል፤ የችግኝ ጣቢያ አይጠይቅም፣ በአንድ ጠዋት ሺዎች ይተከላሉ፣ ፎቶግራፉም ያምራል። ከባሕሩ ፊት ለፊት በተፈጥሮ ቀድመው የሚበቅሉት ግን አቪሴኒያና ሶነራቲያ ናቸው። የእነሱ ፍሬ ትንሽ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ ማሳደግና መንከባከብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦታው የሚፈልገው ቀርቶ ለእጅ የቀለለው ተተከለ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከፋ ነው፤ ቦታው ራሱ ስህተት ነበር። ማንግሮቭ የሚኖረው ከባሕሩ አማካይ ከፍታ ጀምሮ ሙላቱ እስከሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ ድረስ ባለች ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ነው። በግምት ከጊዜው 30 በመቶውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ውሃ ውስጥ መሆን ይችላል። ከዚያ ከወረደ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በፊሊፒንስ ያቺ ቀበቶ የት ሄደች? ኩሬ ሆናለች። ኩሬው ባለቤት ወይም ተከራይ አለው፣ ወረቀት አለው፣ አንዳንዴም ፖለቲካ አለው። የተከላ ፕሮጀክቶች ከዚያ ጋር ከመጋፈጥ ይልቅ ወደ ባሕሩ ወረዱ፤ ማንም «የእኔ ነው» ወደማይለው ዝቅተኛ ጭቃና የባሕር ሣር መስክ። ችግኙ እዚያ ሰመጠ፤ ከሞት የተረፈውን ደግሞ ባርናክል የሚባሉት ቅርፊታም የባሕር ነፍሳት ወረሩት። የባሕር ሣሩም በከንቱ ተረገጠ፤ እሱ ራሱ የዓሣ ጫጩት መጠለያና የብዙ ሰው እንጀራ ነበር። ሕጉ ሥራ ያቆሙ የኪራይ ኩሬዎች ወደ ደንነት እንዲመለሱ ያዛል፤ አፈጻጸሙ ግን አዝጋሚ ነው። የችግኙን ሞት ያመጣው በመጨረሻ የመሬት ይዞታ ጥያቄ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ፍሎሪዳ እንሂድ። ሮቢን ሉዊስ የሚባሉ አሜሪካዊ የእርጥብ መሬት ባለሙያ በ1980ዎቹ ማብቂያ ሆሊውድ በምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ በዌስት ሌክ ወደ 500 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ላይ ሠርተዋል። ቦታው ቀደም ሲል ከባሕር ወለል ተቆፍሮ በወጣ አፈር ተደፍኖ ነበር። እሳቸው አጠገቡ ያለው ጤነኛ ማንግሮቭ የቆመበትን ከፍታ ለኩ፤ የተደፈነውን አፈር እዚያ ከፍታ ድረስ አስቆፈሩ፤ ውሃው የሚገባና የሚወጣባቸውን ቦዮች ከፈቱ። ከዚያ የባሕሩ ሙላት ራሱ ዘር ይዞ መጣ። የማንግሮቭ ችግኝ አልተተከለም፤ የአካባቢው ሦስት ዝርያዎች በሙሉ ግን በቅለዋል። ሉዊስ በ2018 ካረፉ በኋላም ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የእሳቸውን ጥያቄ ነው፦ «እዚህ ዛፍ የሌለው ለምንድን ነው?» ዘሩ እየመጣ የማይበቅል ከሆነ የከለከለው ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ሳይነሳ ችግኝ መጨመር ሬሳ መጨመር ነው።

ይህ ማለት መትከል ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባንግላዴሽ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወንዞቿ ባመጡት ደለል አዲስ በተፈጠረ መሬት ላይ በሰፊው ተክላ ደን አብቅላለች፤ ጭቃው እየተገነባ ባለበት ቦታ ስለሆነ ችግኙ መቆሚያ ነበረው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን ከምፅዋ በስተደቡብ ባለችው በሕርጊጎ የተሠራው ነው። ጎርደን ሳቶ የሕዋስ ሳይንቲስት ነበሩ። ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ በመሆናቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ወጣት ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ማንዛናር በተባለ የካሊፎርኒያ በረሃ ካምፕ ታግተዋል። በኋላ በኤርትራ ዳርቻ ሲመላለሱ ማንግሮቭ የሚበቅለው ከየብስ የሚወርድ ጎርፍ ባሕሩን በሚነካባቸው ቦታዎች ብቻ መሆኑን አስተዋሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ዛፉ ጣፋጭ ውሃ ይፈልጋል» ይላል። ሳቶ ግን ጎርፉ የሚያመጣው ውሃውን ብቻ እንዳልሆነ አሰቡ፤ የባሕሩ ውሃ የሚጎድሉትን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረትም ያመጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ችግኝ ጎን ማዳበሪያ የያዘች፣ ቀዳዳ የተበጀላት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢትና ቁራጭ ብረት ቀበሩ፤ ማዳበሪያው ቀስ እያለ ይወጣል። ባዶ በነበረው ዳርቻ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ቆሙ፤ ቅጠሉና ፍሬው ለሕርጊጎ ሰዎች በግና ፍየል መኖ ሆነ። ቅጠሉ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ከዓሣ ተረፈ ምርት የተዘጋጀ ዱቄት ይታከልበት ነበር። ለዚህ ሥራ በ2002 የሮሌክስ ሽልማት፣ በ2005 ደግሞ የብሉ ፕላኔት ሽልማት አግኝተዋል። ፕሮጀክቱን የሰየሙት በታገቱበት ካምፕ ስም ነው።

በሕርጊጎ የተደረገው ደን ባልነበረበት ቦታ ደን ማቋቋም ነው፤ ያም የራሱ ጥያቄዎች አሉት፤ ማዳበሪያን ወደ ባሕር ማስገባት በየትም ቦታ የሚመከር አይደለም። ከሳቶ የሚወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ከመትከላቸው በፊት ዛፉ ምን እንደጎደለው ጠየቁ። በአገራችን ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ የተከለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጥሩ የሚነገረው በሐምሌ ነው፣ መጽደቁ የሚታየው ግን በበጋ። ለማንግሮቭም ሪፖርቱ ከ5 ዓመት በኋላ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይድን ነበር።

«ደኑ ካለ ማዕበል አይነካንም»

ይህኛው እምነት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል።

የባሕር ዳርቻን የሚመታ ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። በነፋስ የሚነሳው የዕለት ተዕለት ሞገድ አለ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ባሕሩን ወደ የብስ የሚገፋው ሙላት አለ፤ ይህ ለሰዓታት ይቆያል። ከባሕር ሥር ካለ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሳ ሱናሚም አለ። ማንግሮቭ ለመጀመሪያው ድንቅ ነው፤ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የሞገዱን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል። ለሁለተኛው ግን ስፋት ይጠይቃል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ደን የሙላቱን ከፍታ ከ5 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀንሳል። የ4 ሜትር ሙላት ሲመጣ ከመንደሩ ፊት በሁለት መስመር የተተከለ ዛፍ የሚያደርገው ነገር የለም። ሱናሚው ብዙ ሜትር ከፍታ ካለው ደግሞ ዛፎቹ ራሳቸው ይሰበራሉ፤ ግንዳቸውም ከውሃው ጋር ሰው ላይ ይመጣል።

ታዲያ ጥቅም የለውም? አለው፤ እንዲያውም በሕይወት የተለካ ጥቅም ነው። በኦክቶበር 1999 የሕንድን ኦዲሻ ግዛት የመታው አውሎ ነፋስ ወደ 10 ሺህ ሰው ገድሏል። በኋላ በኬንድራፓራ ወረዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በመንደሩና በባሕሩ መካከል ሰፊ ማንግሮቭ የቀረላቸው መንደሮች ያነሰ ሰው እንደሞተባቸው አሳይተዋል። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሌላ ውጤት አለ፤ መንግሥት ያወጣው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ያዳነው ሰው ማንግሮቩ ካዳነው ይበልጣል። በ2013 ፋይሊን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ያንኑ ግዛት ሲመታ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቀድሞ ከዳርቻው ወጥቶ ነበር፤ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው።

ባንግላዴሽ ይህን ከማንም በላይ በመከራ ተምራዋለች። በ1970 ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጨረሰ። በ1972 የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም ተቋቋመ። የጀርባ አጥንቱ በየመንደሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፣ በየቤቱ እየገቡ አዛውንቱን ደግፈው ያወጣሉ። በ1991 በመጣው አውሎ ነፋስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት አለቁ። ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያው አልደረሳቸውም፤ ልጅና ቤት ይዘው የቀሩ ነበሩ፤ ወንዶች ወደሚበዙበት መጠለያ ብቻቸውን መሄድም ነውር ይሆንባቸው ነበር። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ከሚሆኑት በጎ ፈቃደኞች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ሴት የሌላዋን ሴት በር ታንኳኳለች። በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ መጠለያ ገባ፤ በአገሪቱ የሞቱት በአሥሮች ብቻ የሚቆጠሩ ነበሩ። ለዚያ ውጤት ደኑም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ መጠለያውም፣ በር የምታንኳኳዋ ሴትም አስተዋጽኦ አላቸው። አንዱን ለይቶ «ጋሻችን ይህ ነው» ማለት ሌሎቹን መዘንጋት ነው።

«ከዛፍ ይልቅ የኮንክሪት ግንብ ይሻላል»

በወደብና በትልቅ ከተማ ፊት ግንብ የግድ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አልከራከርም። ጭቃማ በሆነ የገጠር ዳርቻ ላይ ግን ግንብ የሞገዱን ኃይል አያጠፋውም፣ መልሶ ይወረውረዋል፤ የተመለሰው ሞገድ ከግንቡ እግር ሥር ያለውን ጭቃ ይጠርጋል። ከዚያ ውሃው ፊት ለፊት ይጠልቃል፣ የሚመጣው ሞገድም ይበረታል፣ ግንቡ ራሱ ይዘማል። ከግንቡ ኋላ ደለል መግባት ስለሚያቆም መሬቱ ከፍ ማለቱን ያቆማል። ይህ በብዙ የእስያ ዳርቻዎች ታይቷል።

«ባሕሩ የሚውጠን በአየር ንብረት ለውጥ ነው»

ባሕሩ በእውነት እየጨመረ ነው። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ከፍታ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የነበረው ፍጥነት በዓመት ወደ 3.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህን የሚያስተባብል የለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ቃል በደጃችን ያለውን ጥፋት መሸፈኛ ሲሆን።

በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ደማክ የምትባል ወረዳ አለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማንግሮቩ ለሽሪምፕና ለዓሣ ኩሬ ተመነጠረ፤ ከዚያ ባሕሩ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፣ ኩሬውንም መንደሩንም ይበላ ገባ። ከ2015 እስከ 2021 የኢንዶኔዥያ መንግሥትና የኔዘርላንድስ ባለሙያዎች ከነዋሪው ጋር ሆነው ከቀርከሃና ከቅርንጫፍ የተሠራ፣ ውሃ የሚያሳልፍ አጥር በባሕሩ ውስጥ አቆሙ። ሞገዱ አጥሩን ሲያልፍ ይደክማል፤ የተሸከመውን ጭቃ ከኋላው ይጥላል። ጭቃው ከፍ ሲል አቪሴኒያ ማንም ሳይተክለው በቀለ። ገበሬዎቹም ኩሬያቸውን በተሻለ ዘዴ እንዲያለሙ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ አንዳንዶቹ የኩሬያቸውን ዳር ለማንግሮቭ ለቀቁ።

ይህን ያህል ጥሩ ሥራ ግን ከታች ተሸነፈ። ቀርከሃውን የባሕር ትል ቦረቦረው፤ ይህ በሌላ እንጨት ሊታረም ይችላል። የማይታረመው መሬቱ ራሱ መስመጡ ነው። በአጠገቧ ያለችው ሰማራንግ ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ፋብሪካውም ነዋሪውም የከርሰ ምድር ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲወጣ መሬቱ ይጨመቅና ይሰምጣል፤ በአንዳንድ ቦታ በዓመት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ። ይህ ከባሕሩ መጨመር ወደ 20 እጥፍ የሚሆን ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለውን መስመጥ ደኑ ሊቋቋመው አይችልም። የደማክ ዳርቻ ፈውስ ያለው ከዳርቻው ርቆ፣ በከተማው ውስጥ በሚሠራ የውሃ ጉድጓድ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የእኛው አፈር ነው። የዓባይ ደልታ የተገነባው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በዓባይና በተከዜ በኩል በወረደ ደለል ነው፤ ለሺህ ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር ያ አፈር ሜድትራንያን ዳር ደርሶ ባሕሩ የሚወስደውን ይተካ ነበር። በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተጠናቀቀ፤ ደለሉ ከግድቡ ኋላ በሐይቁ ውስጥ ቀረ። በራሺድ በኩል ያለው የደልታው ጫፍ ባሕሩ የሚወስደውን የሚተካለት አጥቶ በፍጥነት ተሸረሸረ። በአሜሪካም ሚሲሲፒ በግድብና በጎርፍ መከላከያ ታጥሮ ደለሉ ወደ ረግረጉ መድረስ ሲያቆም ሉዊዚያና ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት አጥታለች፤ ለነዳጅ የተቆፈሩ ቦዮችም አግዘዋል። ዳርቻ የሚሠራው ከዳርቻ ርቆ፣ በተራራው ላይ ነው። የወንዝ ሥራና የባሕር ዳርቻ ሥራ በሁለት መሥሪያ ቤት መያዛቸው ለብዙ አገሮች ጉዳት ነው።

«ደኑን የጨረሰው ድሃው ነው፤ አጥሮ ማስወጣት ይሻላል»

በኬንያ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከሞምባሳ ወደ ታንዛኒያ በሚወስደው መንገድ፣ ጋዚ የምትባል የባሕር ወሽመጥ አለች። ማንግሮቩ በ1970ዎቹ ለኢንዱስትሪ ማገዶ ተጨፍጭፏል፤ የመንደሩ ሰው ለቤት ሥራ የሚቆርጠው ግንድም ተጨምሮበታል። ከ1991 ጀምሮ የኬንያ የባሕርና የዓሣ ምርምር ተቋም ሳይንቲስት ጄምስ ካይሮና ባልደረቦቻቸው ከነዋሪው ጋር በተራቆቱት ቦታዎች ላይ እየሞከሩ ተከሉ። ከ20 ዓመታት በላይ ሥራ በኋላ፣ በ2013፣ የጋዚና የማኮንጌኒ መንደሮች ሚኮኮ ፓሞጃ በተባለ ፕሮጀክት 117 ሄክታር ማንግሮቭ በመጠበቃቸው የካርቦን ክፍያ ማግኘት ጀመሩ። ሽያጩ በዓመት ወደ 3,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ግን በምን ላይ እንደሚውል የሚወሰነው ሕዝቡ በመረጠው ኮሚቴ አማካይነት ነው። የመጠጥ ውሃ ገባበት፣ ትምህርት ቤት ታደሰበት። በ2017 የኢኳተር ሽልማት አገኙ።

ከዚህ ሥራ ልቤን የነካው የካርቦኑ ነገር አይደለም። ሰው ቤት ለመሥራት እንጨት ያስፈልገዋል፤ «አትቁረጥ» ማለት ብቻውን ወደ ሌላ ደን ይሰደዋል። ስለዚህ በየብስ ላይ እኛ ሸውሸዌ የምንለውን የካዙዋሪና ዛፍ ተከሉ፤ እንጨቱ ከዚያ እንዲመጣ። ደኑን የሚጠብቀው ሰው የሚያጣው ነገር ታሰበለት። በ2017 በስሪላንካው ጥናት ላይ ከታየው ከንቱ ልፋት ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይህ ነው፤ እዚያ ብዙ ቦታ ላይ ተካዩ ተክሎ ሄዷል፣ ጋዚ ላይ ግን የተከሉት እዚያው ይኖራሉ።

ካርቦን ካልን አንድ ነገር ላርም። ማንግሮቭ በሄክታር ከብዙ የየብስ ደኖች የበለጠ ካርቦን ይይዛል፤ በእስያና በፓሲፊክ በተለኩ ደኖች በአማካይ በሄክታር ወደ 1,000 ቶን ተገኝቷል፣ አብዛኛውም ያለው ዛፉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ነው። ነገር ግን የዓለም ማንግሮቭ በሙሉ ቢደመር 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፤ ከሞቃታማ አገሮች ደን 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። የዓለምን ጭስ ይውጥልናል የሚሉ ኩባንያዎች ሲያጋንኑ ነው። ከዚህ የሚወጣው ትክክለኛ መደምደሚያ የቆመውን አለመንካት ነው፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የተከማቸው የጭቃው ካርቦን ለኩሬ ሲቆፈር በጥቂት ዓመታት ይወጣል፣ አዲስ ችግኝ ያንን ለመመለስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

«ደን ከባሕሩ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስጋት የለም»

ግማሹ እውነት ነው። ማንግሮቭ በሥሮቹ ደለል እየያዘና የራሱን ሥር እየከመረ መሬቱን ከፍ ያደርጋል፤ ባሕሩ ቀስ ብሎ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሳይንቲስቶች ከበረዶ ዘመን በኋላ ባሕሩ የጨመረበትን ታሪክ መርምረው በ2020 እንዳሳተሙት ግን ፍጥነቱ በዓመት ከ6 ወይም ከ7 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደኑ በቦታው መቆየት መቻሉ በጣም ያጠራጥራል። የልቀቱ መጠን ካልተቀነሰ በዚህ ክፍለ ዘመን ውስጥ ብዙ ዳርቻዎች ያንን ወሰን ያልፋሉ።

ያኔ ለደኑ የሚቀረው መንገድ ወደ ኋላ፣ ወደ የብስ መሸሽ ነው። ከኋላው ክፍት መሬት ካገኘ ዘሩ እዚያ ያርፋል፤ መንገድ፣ የወደብ አጥር፣ የጨው ማምረቻ ወይም ሆቴል ካገኘ በባሕሩና በግንቡ መካከል ተጣብቆ ያልቃል። ከደኑ ኋላ ያለው ቦታ ዛሬ ሲታይ ባዶ ነው፤ ጨዋማ፣ ፀሐይ ያነደደው፣ ግመል የሚያልፍበት ሜዳ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ይህን ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ «ለምንም የማይሆን» ይለዋል፤ ለግንባታም በርካሽ ይሰጣል። ከዛሬ 50 ዓመት በኋላ ማንግሮቩ ሊቆምበት የሚችለው ብቸኛ ቦታ ግን እሱ ነው፤ የግንባታ ፈቃዱም እየተሰጠ ያለው አሁን ነው።